ተረካቢው ማን ነው? አየር አልባ ሕዋሳትና የአልበርታ ቢቱመን ታሪክ

በካልጋሪ መሐል ከተማ ሰማዩን ከሚያጣብቡት ሕንፃዎች ብዙዎቹ የነዳጅና የጋዝ ኩባንያዎች ዋና መሥሪያ ቤቶች ናቸው። በእነዚህ ፎቆች ውስጥ የሚሠሩት መሐንዲሶች፣ የሒሳብ ባለሙያዎችና የሕግ አማካሪዎች የሚያስተዳድሩት ሀብት በአብዛኛው የሚገኘው ከከተማዋ በስተሰሜን በአታባስካ፣ በኮልድ ሌክና በፒስ ሪቨር ምድር ነው። አሁን ባለው ቴክኖሎጂ ሊወጣ ይችላል ተብሎ የሚገመተው ብቻ ከ150 ቢሊዮን በርሜል ይበልጣል። ይሁን እንጂ ይህ ሀብት ከሌላው ዓለም ጉድጓድ እንደሚፈልቀው ድፍድፍ ነዳጅ አይፈስም። ከአሸዋ ጋር የተለወሰ፣ በብርድ የሚጠጥር፣ ሲሞቅ እንደ ሬንጅ የሚለጠጥ ቢቱመን ነው።

ቢቱመን ከመጀመሪያው እንዲህ አልነበረም። ከምዕራብ በኩል ከጥልቅ አለት ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የተጓዘው ዘይት ቀላልና ፈሳሽ ነበር። ጥልቀት በሌለውና በቀዘቀዘው አሸዋ ውስጥ ሲያርፍ ግን ኦክስጅን በሌለበት ጨለማ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን አገኙት። ለሚሊዮኖች ዓመታት ቀላል ቀላሉን እየመረጡ በሉ፤ መብላት ያልቻሉትን ተዉ። አልበርታ ዛሬ ለዓለም ገበያ የምታቀርበው ያን ትራፊ ነው።

ይህ እውነት በሊቃውንት ዘንድ ሥር የሰደደው ገና በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ወደዚያ ያደረሰው መንገድ ግን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የፈጀ ሲሆን የተነሣውም ከአንድ ጥያቄ ነው፦ ሕይወት ያለው ነገር ኃይሉን ከየት ያገኛል? አየር ሲያጣስ ምን ያደርጋል? መልሱ ከሥነ ሕይወት መማሪያ መጽሐፍ አልፎ የኃይል ፖሊሲ ለሚነድፉ ሰዎችም ትርጉም አለው። ያለ ኦክስጅን የሚኖር ሕዋስ ከምግቡ ጥቂት ኃይል ወስዶ ብዙውን በትራፊው ውስጥ ይተዋልና። ያን ትራፊ ማን እንደሚረከበው አስቀድሞ ያላሰበ አገር፣ የኋላ ኋላ ዕዳውን ይከፍላል።

ሁለት የኃይል መንገዶች

እ.ኤ.አ. በ1780ዎቹ መጀመሪያ አንቷን ላቯዚዬና ፒየር ሲሞን ላፕላስ አንዲት ጊኒ ፒግ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስቀመጡ። ከሰውነቷ በሚወጣው ሙቀት ምን ያህል በረዶ እንደቀለጠ ለኩ፤ ያስተነፈሰችውንም ጋዝ መጠን ከከሰል ቃጠሎ ጋር አነጻጸሩ። የደረሱበት ድምዳሜ መተንፈስ ማለት ዝግ ያለ ቃጠሎ ነው የሚል ነበር። እሳትም እንስሳም ኦክስጅን ወስደው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሙቀት ያወጣሉ። ላቯዚዬ በ1794 በፈረንሳይ አብዮት አንገታቸውን በጊዮቲን ቢያጡም ሐሳባቸው ጸንቶ ቆየ። ለብዙ አሥርት ዓመታትም ሕይወት ያለ ኦክስጅን የማይታሰብ ይመስል ነበር።

ይህን ያናጉት ሉዊ ፓስተር ናቸው። ፓስተር በ1861 አየር የማያስፈልጋቸው፣ እንዲያውም አየር ሲነካቸው የሚሞቱ ጥቃቅን ፍጥረታት መኖራቸውን አስታወቁ። በእርሾ ላይ ባደረጉት ጥናት ደግሞ አንድ እንግዳ ነገር ተመለከቱ። እርሾ አየር ሲያገኝ በብዛት ይራባል፣ የሚበላው ስኳር ግን ከዕድገቱ አንጻር ጥቂት ነው። አየር ሲነፈገው ዕድገቱ ይቀጭጫል፣ ስኳሩን ግን በብዛት እየፈጀ ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ፓስተር ፍላትን «ያለ አየር መኖር» ብለው የተረጎሙት ከዚህ ተነሥተው ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ከጓዳ የራቀ ነገር አይደለም። ጠጅ ጣይዋ ማሩን በውሃ በጥብጣ፣ በታጠነ ጋን ውስጥ ጌሾ ጨምራ ስትከድነው የምታደርገው እርሾውን አየር መንፈግ ነው። አየር ያጣው እርሾ የማሩን ስኳር ጨርሶ ማቃጠል ስለማይችል በከፊል ብቻ ሰብሮ አልኮሉን ይተዋል። አልኮል እንደ ነዳጅ የሚነድደው በውስጡ እርሾው ያልተጠቀመበት ኃይል ስላለ ነው። ጋኑ አየር ሲበዛበት ሌሎች ባክቴሪያዎች በኦክስጅን እየታገዙ ያን አልኮል ይበሉታል፤ ጠጁም ይኮመጥጣል። የአንዱ ትራፊ የሌላው ማዕድ ነው።

የሒሳቡን መጠን ያወቁት ከፓስተር በኋላ የመጡት ናቸው። በ1897 ኤድዋርድ ቡክነር የእርሾ ሕዋሳትን ፈጭተው ከሕያው ሕዋስ ነጻ በሆነው ጭማቂ ፍላት እንደሚካሄድ አሳዩ፤ ሕይወት ምሥጢሯን ለኬሚስትሪ የገለጠችበት ቀን ይመስል ነበርና በ1907 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። በዚያው በ1907 በኬምብሪጅ ዋልተር ፍሌቸርና ፍሬድሪክ ሆፕኪንስ የእንቁራሪት ጡንቻ ያለ ኦክስጅን ሲሠራ ላክቲክ አሲድ እንደሚያጠራቅም፣ ኦክስጅን ሲመለስለትም አሲዱ እንደሚጠፋ አረጋገጡ። የጀርመኑ ካርል ሎማን በ1929 ኤቲፒ የተባለውን፣ ሕዋስ ኃይሉን የሚመነዝርበትን ሞለኪውል አገኙ። በዚህ ገንዘብ ሲቆጠር ልዩነቱ ግልጽ ነው። አንድ የግሉኮስ ሞለኪውል በፍላት ብቻ ሲሰበር ሁለት ኤቲፒ ያስገኛል። በኦክስጅን እስከ መጨረሻው ሲቃጠል ግን 30 ገደማ ያስገኛል። ፈጣኑ ሯጭ በመጨረሻዋ መቶ ሜትር ላይ ለአጭር ጊዜ የሚደገፈው በመጀመሪያው መንገድ ነው፤ ማራቶን ግን በሁለተኛው እንጂ በመጀመሪያው አይጠናቀቅም።

ግድቡና መውረጃው

ኦክስጅን ይህን ያህል ልዩነት የሚያመጣው ለምንድን ነው? መልሱ በሁለት ደረጃ ተገኘ። በ1937 ከናዚ ጀርመን ተሰደው እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ይሠሩ የነበሩት ሃንስ ክሬብስ ምግብ ደረጃ በደረጃ ተሰብሮ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሆንበትን ዑደት ዘረዘሩ። «ኔቸር» መጽሔት ቦታ የለኝም ብሎ የመለሰባቸው ጽሑፍ በሌላ መጽሔት ታትሞ በ1953 የኖቤል ሽልማት አስገኘላቸው። ይሁንና ዑደቱ ያን ሁሉ ኤቲፒ ራሱ አይሠራም። ከምግቡ ላይ ኤሌክትሮኖችን ነጥቆ ለሌላ ክፍል ያስረክባል።

የዚያን ክፍል አሠራር በ1961 ያቀረቡት ፒተር ሚቼል ናቸው። ኤሌክትሮኖቹ በሕዋሱ ውስጠኛ ሽፋን ላይ ከአንዱ ተቀባይ ወደ ሌላው ሲወርዱ በሚለቁት ኃይል የሃይድሮጅን ቅንጣቶች ከሽፋኑ ማዶ ይገፋሉ። እነዚህ ቅንጣቶች እንደ ግድብ ውሃ ይጠራቀማሉ፤ ተመልሰው በጠባብ መተላለፊያ ሲገቡ እንደ ተርባይን የሚሽከረከር ፕሮቲን ኤቲፒ ያመርታል። ብዙዎች ለዓመታት ያልተቀበሉት ይህ ሐሳብ በ1978 በኖቤል ሽልማት ተከበረ።

ከዚህ ሥዕል ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልገው አንድ ነጥብ ነው። ግድብ ኃይል የሚሰጠው ውሃው የሚወርድበት ቦታ ሲኖር ነው፤ የኃይሉም መጠን በመውረጃው ጥልቀት ይወሰናል። ለኤሌክትሮኖች ጥልቁ መውረጃ፣ ማለትም መጨረሻ ላይ የሚረከባቸው፣ ኦክስጅን ነው። ነገር ግን ብቸኛው ተረካቢ አይደለም። ናይትሬት ከኦክስጅን እምብዛም የማያንስ መውረጃ ነው። ብረትም ያገለግላል። ሰልፌት በጣም ያነሰ ይሰጣል፤ ተረካቢነቱም ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለውን መርዛም ጋዝ ይተዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሁሉ በታች ሲሆን ሜቴን ይተዋል። ስለዚህ ያለ ኦክስጅን መኖር አንድ መንገድ ብቻ አይደለም፤ ወይም እንደ ጠጁ እርሾ ፍላት ነው፣ ወይም ከኦክስጅን ሌላ ተረካቢ ይዞ መተንፈስ ነው። በተለያዩ ተረካቢዎች የሚኖሩ ሕዋሳት በአንድ ቦታ ሲገናኙ ደግሞ ምግቡን አብዛኛውን ጊዜ የሚነጥቀው ጥልቅ መውረጃ ያለው ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ፣ የነዳጁም የዝቃጩም ታሪክ፣ በዚህ ሕግ ይተረጎማል።

ከአሸዋው በታች

በ1895 የኔዘርላንዱ ማርቲኑስ ቤየሪንክ ሰልፌት የሚተነፍስ ባክቴሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለይተው አወጡ። በ1926 ደግሞ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ምድር ሊቅ ኤድሰን ባስቲን ከነዳጅ ጉድጓዶች ጋር አብሮ በሚወጣ ውሃ ውስጥ እነዚህኑ ባክቴሪያዎች ማግኘታቸውን አስታወቁ። ብዙዎች ግን ከቁፋሮው ጋር ከላይ የገቡ እንጂ የጥልቁ ነዋሪዎች መሆናቸውን ተጠራጠሩ። ከዚህ የከበደ እንቅፋትም ነበር። የዘይት ሞለኪውሎች ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ብቻ የተሠሩና ለመሰበር አስቸጋሪ በመሆናቸው ያለ ኦክስጅን ሊበሉ አይችሉም ተብሎ ይታመን ነበር። ስለዚህ ከባድ ዘይት የተፈጠረው የዝናብ ውሃ ኦክስጅን ተሸክሞ ወደ ጥልቁ ሲሰርግ ነው የሚለው ትርጓሜ ለረጅም ጊዜ ገዢ ሆኖ ቆየ።

ትርጓሜው በሒሳብ አልቆመም። ውሃ የሚያሟሟው ኦክስጅን በጣም ጥቂት ነው፤ እንደ አታባስካ ያለ ክምችት ለመብላት የሚያስፈልገው የውሃ መጠን ከሚታመነው በላይ ይሆናል። በ1991 በፍሪድሪሽ ቪደል የተመራ የጀርመን ቡድን የዘይትን ሞለኪውሎች በሰልፌት ብቻ እየተነፈሰ እስከ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሰብር ባክቴሪያ አሳየ። በ1999 ሌላ ጥናት ሰልፌትም ናይትሬትም በሌሉበት ረቂቅ ተሕዋስያን ከዘይት ሞለኪውል ሜቴን ማውጣት እንደሚችሉ አረጋገጠ።

እዚህ ላይ ካልጋሪ ወደ ታሪኩ ትገባለች። የሥነ ምድር ኬሚስትሪ ሊቁ ስቲቭ ላርተር ከእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ወደ ካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ የመጡት የዚህን ጥያቄ ቁልፍ ይዘው ነበር። ከኒውካስል ባልደረቦቻቸው ከኢያን ሄድና ከማርቲን ጆንስ ጋር በ2003 በ«ኔቸር» ባወጡት ጽሑፍ ከባድ ዘይት በጥልቁ ውስጥ የተከናወነ የረቂቅ ሕይወት ሥራ መሆኑን አስረዱ። በ2008 ደግሞ የሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ድፍድፍ ነዳጅን ያለ ኦክስጅን ለሁለት ዓመት ገደማ በላቦራቶሪ አቆይተው፣ ዘይቱ እየተበላ ሜቴን መውጣቱን፣ የተረፈውም ዘይት ከመሬት በታች ካለው ከባድ ዘይት ጋር መመሳሰሉን አሳዩ።

ሥራው የአንድ ፍጥረት አይደለም። የመጀመሪያው ቡድን ዘይቱን ሰብሮ ሃይድሮጅንና አሲቴት ያወጣል። ሃይድሮጅኑ ከተጠራቀመ ግን የዚህ ቡድን ሥራ ኃይል መስጠቱን ያቆማል፤ በልቶ ማደር አይችልም። ስለዚህ የሚኖረው ሌላ ቡድን ሃይድሮጅኑን ሳይውል ሳያድር ተረክቦ ወደ ሜቴን ከለወጠለት ብቻ ነው። ሁለቱም የሚያገኙት ኃይል ለመኖር ከሚያስፈልገው ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ያም ሆኖ ሚሊዮኖች ዓመታት በቁጥር አይናቁም።

አንድ ተጨማሪ ግኝት ታሪኩን ወደ ፓስተር ይመልሰዋል። አንድ አለት በታሪኩ ውስጥ ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሞቆ ከነበረ፣ በኋላ ቢቀዘቅዝ እንኳ በውስጡ የገባው ዘይት ብዙውን ጊዜ ሳይበላ ይገኛል። ሙቀቱ ነዋሪዎቹን ፈጅቷቸዋል፤ ተተኪም አልገባም። ተመራማሪዎቹ ይህን ፓስተር ወይንን ከብልሽት ለማዳን ከነደፉት ማሞቅ ጋር አመሳስለው ጥንታዊ ፓስቸራይዜሽን ብለውታል። የአልበርታ ምሥራቃዊ አሸዋ ይህን ያህል አልሞቀም። በመሆኑም ዘይቱ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በተጓዘ ቁጥር እየወፈረ፣ ከክብደቱም 5 በመቶ ገደማ ድኝ እየሆነ ቀረ።

ተረካቢን መምረጥ

ሳይንሱ ለነዳጅ ኢንዱስትሪው የማይመለከት ወሬ አልነበረም። ኩባንያዎች ግፊት ለመጨመር ወደ ጉድጓድ ውሃ ሲያስገቡ፣ ከውሃው ጋር ሰልፌት ይገባል። ሰልፌት የሚተነፍሱት ባክቴሪያዎችም ይነቃሉ። የሚያወጡት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ቧንቧ ይበላል፣ የነዳጁን ዋጋ ያወርዳል፣ መጠኑ ሲበዛም የማሽተት ስሜትን አደንዝዞ ሰው ይገድላል። የተለመደው መፍትሔ መርዝ ረጭቶ ባክቴሪያዎቹን መግደል ነበር።

በካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ የነዳጅ ረቂቅ ሕይወት ተመራማሪው ኸሪት ፎርዳው ሌላ መንገድ ተከተሉ፦ ከመግደል ይልቅ የተሻለ ተረካቢ ማቅረብ። ናይትሬት ከውሃው ጋር ሲገባ፣ ናይትሬት የሚተነፍሱት ባክቴሪያዎች በጥልቅ መውረጃቸው ተጠቅመው ምግቡን ይሻማሉ፤ ገሚሶቹም የተጠራቀመውን ሰልፋይድ ራሱን ይበላሉ። በደቡብ ምሥራቅ አልበርታ በሜዲሲን ሃት አካባቢ ባለ የከባድ ዘይት መስክ ላይ ሙከራው ተደረገ። ውጤቱ በመጀመሪያ የሚያስደስት ነበር፤ ከሳምንታት በኋላ ግን ሰልፋይዱ ተመለሰ። ናይትሬቱ በማስገቢያው ጉድጓድ ዙሪያ እየተበላ ስላለቀ ሰልፌት ተንፋሾቹ ወደ ውስጥ ፈቀቅ ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ቡድኑ በ2009 ባሳተመው ጽሑፍ ናይትሬቱን ሳያቋርጡ በጥቂቱ ከማፍሰስ ይልቅ በየጊዜው በከፍተኛ መጠን መልቀቅ የተሻለ እንደሚሠራ አሳየ።

የዚህ ሙከራ ትምህርት ከነዳጅ ሰፋ ያለ ነው። ሕዋስ በትእዛዝ አይመራም፤ ባገኘው ተረካቢ ይመራል። ውጤቱን መለወጥ የሚሻ ሁኔታውን መለወጥ አለበት። ሁኔታው በአንድ ጥግ ብቻ ተለውጦ ሌላው ከተተወ ደግሞ ችግሩ አይጠፋም፤ ቦታ ይለውጣል።

ሁለት ጊዜ የተበላው ቀላል ዘይት

ባክቴሪያዎቹ ቀላሉን ክፍል በልተው ከባዱን ስለተዉ የአልበርታ ነዳጅ ከሌላው ይልቅ ብዙ ኃይል ይጠይቃል። ከክምችቱ አምስት እጅ አንዱ ገደማ በቁፋሮ ተዝቆ በሙቅ ውሃ ይታጠባል። ቀሪው ያለው ጥልቅ ስለሆነ እንፋሎት ወደ ምድር ተለቆ እስኪቀልጥ ይጠበቃል። ውሃውን የሚያሞቀው በአብዛኛው የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ወጥቶም ቢሆን በቧንቧ አይፈስም። የሚፈሰው ቀላል ዘይት ሲቀላቀልበት ነው። በሌላ አነጋገር፣ ኢንዱስትሪው ሕዋሳቱ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የበሉትን ቀላል ክፍል በገንዘብ ገዝቶ ይመልስለታል።

ሒሳቡ በዚህም አይዘጋም። በ1967 ግሬት ካናዲያን ኦይል ሳንድስ፣ የዛሬው ሰንኮር፣ የመጀመሪያውን ትልቅ ማዕድን ሲከፍት የታጠበው ሸክላ፣ ውሃና ያልተለየ ዘይት የሚጠራቀምበት ኩሬም አብሮ ተከፈተ። ዛሬ በአታባስካ ኩሬዎች ያለው ፈሳሽ ዝቃጭ ከ1 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ነው። ከዝቃጩ ጋር ቢቱመኑን ለማጥራት ከተጨመረው ናፍታ ጥቂቱ አብሮ ይፈስሳል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በኩሬዎቹ ገጽ ላይ የሜቴን አረፋ ሲፈላ ታየ። የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲፈትሹ አየር አልባ ሕዋሳት ናፍታውን እየበሉ እንደሆነ ተረዱ። ከምድር በታች ቀላሉን ዘይት የበላው የሕይወት ዓይነት፣ ሰው የመለሰለትን ቀላል ዘይት ከምድር በላይ ደግሞ ይበላዋል።

ጉዳዩ ጥፋት ብቻ አይደለም። ሜቴን ሠሪዎቹ በዝቃጩ ውስጥ በሚያመጡት የኬሚስትሪ ለውጥ ደቃቁ ሸክላ ፈጥኖ እንዲረጋ ይረዳሉ፤ ይህም ራሱን ችሎ ቢተው ለአሥርት ዓመታት የማይጠናቀቅ ሥራ ነው። ሸክላውን ለማርጋት አንዳንድ አምራቾች ጂፕሰም ሲጨምሩ ደግሞ ጂፕሰሙ ሰልፌት ስለሆነ ሰልፌት ተንፋሾቹን ያነቃል፤ ሜቴኑ ለጊዜው ይቀንሳል፣ ሰልፋይዱ ግን ይመጣል። እያንዳንዱ የምሕንድስና ውሳኔ ሳይታወቅ የተረካቢ ምርጫ ነው።

ዕዳውን የሚረከበው

የገንዘቡም ዕዳ በተመሳሳይ መንገድ ወደ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሬድዋተር ኢነርጂ የተባለ አነስተኛ የአልበርታ ኩባንያ በ2015 ሲከስር፣ የንብረት አጣሪው ዋጋ ያላቸውን ጉድጓዶች ሸጦ ለባለገንዘቦች ለመክፈል፣ ደርቀው ጽዳት የሚጠብቁትን ግን ለመተው ጠየቀ። የታችኛዎቹ ፍርድ ቤቶች ተስማሙ። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥር 31 ቀን 2019 በ5 ለ2 ድምፅ ሻረው፤ ጉድጓድን ዘግቶ የማጽዳት ግዴታ ከባለገንዘቦች ክፍያ በፊት እንዲፈጸም ወሰነ። ፍርዱ የወጣው ግን ብዙ ጉድጓዶች ባለቤት አልባ ከሆኑ በኋላ ነው። በ2020 የፌዴራሉ መንግሥት በምዕራብ ካናዳ የተተዉ ጉድጓዶችን ለማጽዳት 1.7 ቢሊዮን ዶላር መደበ፤ ከዚህም እስከ 1 ቢሊዮን ድረስ ለአልበርታ ነበር። አምራቹ ያላሰበውን ትራፊ ግብር ከፋዩ ተረከበ።

ሌላ ዓይነት አሠራር መኖሩን ለማየት ከካልጋሪ መውጣት አያስፈልግም። በቦው ወንዝ ዳር የሚገኘው የቦኒብሩክ የፍሳሽ ማጣሪያ ሁለቱንም የኃይል መንገዶች በአንድ ግቢ ያሠራል። በአንዳንዶቹ ገንዳዎች አየር እየተነፋ ቆሻሻው በኦክስጅን ይበላል። አየሩን የሚነፉት መሣሪያዎች በእንዲህ ያሉ ማጣሪያዎች ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈጃሉ፤ ኦክስጅን ነጻ የሚሆነው በሳንባ ለሚተነፍስ ብቻ ነውና። የተረፈው ጭቃ አየር በሌለበት በተዘጋ ታንክ ውስጥ ይገባል፤ ሜቴን ሠሪዎች ይበሉታል፤ ጋዙ ተይዞ ሙቀትና ኤሌክትሪክ ይመነጭበታል። በሰሜኑ ኩሬና በቦኒብሩክ ታንክ የሚሠሩት ሕዋሳት የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። አንደኛው ጋዝ ወደ ሰማይ ይወጣል፣ ሌላው መብራት ያበራል። ልዩነቱን ያመጣው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ክዳንና ቧንቧ መታሰቡ ነው።

ኢትዮጵያም ይህንኑ ሒሳብ በራሷ ሜዳ ሞክራዋለች። በ2009 በኔዘርላንዱ ኤስ ኤን ቪ ድጋፍ የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በአምስት ዓመት 14,000 የቤተሰብ ማብላያዎችን ለመሥራት አቀደ። በመጀመሪያው ምዕራፍ የተሠሩት ከ8,000 ጥቂት በለጥ ይላሉ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፦ የከብት እበት ከውሃ ጋር ተበጥብጦ ከመሬት በታች በተሠራ ጉልላት ውስጥ ሲገባ ሕዋሳቱ ለምድጃ የሚሆን ጋዝ ይሰጣሉ፣ የሚወጣው ጭቃም ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል። ይሁንና ከተሠሩት ብዙዎቹ አገልግሎት አቆሙ። ውሃው ከሩቅ ይቀዳል፤ ላሞቹ በድርቅ ይሸጣሉ ወይም ለግጦሽ ይርቃሉ፤ ቧንቧ ሲሰበር የሚጠግን ባለሙያ አይገኝም። ከሁሉም በላይ የጋዙ ምድጃ ወጥ ይሠራል እንጂ የእንጀራ ምጣድ አያግልም ነበር። የቤቱን ማገዶ አብዛኛውን የሚበላው ደግሞ ምጣዱ ነው። ሕዋሳቱ የድርሻቸውን ሠሩ። የተጓደለው ከእነርሱ በፊትና በኋላ ያለው ሰንሰለት ነው፤ የሚያቀርብላቸውም፣ የሠሩትን የሚረከባቸውም።

ሁለቱ አገሮች በሀብት የማይወዳደሩ ቢሆኑም ስሕተታቸው አንድ ዘር ነው። አልበርታ ምርቱን አቅዳ ትራፊውን ለኋላ አቆየች። የባዮጋዙ ፕሮግራም ማብላያውን ቆጥሮ ምጣዱን ሳይቆጥር ቀረ። በሁለቱም ዘንድ የታየው ዕቅድ የመጀመሪያውን በላተኛ ብቻ ያየ ነበር። ከምድር በታች ያሉት ሕዋሳት ግን ይህን ቅንጦት አልታደሉም። ዘይቱን የሚሰብረው ሕዋስ ሃይድሮጅኑን የሚረከበው ጎረቤት ከሌለ ከዕለት ጉርሱ ይጎድላልና፣ ከተረካቢው ተለይቶ መኖር አይችልም። ሰው ለጊዜው ይችላል። ዕዳውን ለማያውቀው ትውልድ፣ ለግብር ከፋይ፣ ወይም ከኩሬው በታች ለሚኖር ሕዝብ አሳልፎ መኖር ይችላል።

ስለዚህ አዲስ የኃይል ፕሮጀክት በካልጋሪ ቢሮም ሆነ በአዲስ አበባ ሚኒስቴር ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ፣ ምን ያህል ኃይል ይሰጣል ከሚለው ጥያቄ ጎን አንድ ሌላ ጥያቄ በጽሑፍ መልስ ሊያገኝ ይገባዋል፦ ከዚህ ሥራ የሚተርፈውን፣ በስም ተጠርቶ፣ በገንዘብ ታግዞ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚረከበው ማን ነው?